ጥቁሩ ስክሪን ሲከፈት፦ ማን ነኝ? የት ነኝ? ምን አለ?

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምታነቡት ስለ ደሞዝ፣ ስለ ሥራ ውልና ስለ ጡረታ ነው። እኛ ደግሞ በሙያችን ነርስ ነን፤ ስንጽፍ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ነው። ዛሬ ግን ስለ ኮምፒውተር ልንጽፍ ተነሣን። ምክንያቱ የደሞዝ ወረቀት ነው።

ሐዴራ ውስጥ ቁስል ለማሰር በሳምንት ሁለት ጊዜ የምንሄድበት ቤት አለ። አባወራው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ስኳር ያለባቸው፣ ከአገር ከመጡ ጀምሮ በጉልበታቸው ሠርተው ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጨዋታ አዋቂ ስለሆኑ ፋሻ ስንፈታ ዝም ብለው አያውቁም። አንድ ማክሰኞ ግን ዝም አሉ። «አባባ፣ ምነው? ቁስሉ አመመዎት?» ብንላቸው «እግሬስ ደኅና ነው ልጄ፤ ወረቀቱ ነው እንጂ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጡረታ ድርጅታቸው ከ2004 እስከ 2011 በአንድ ፋብሪካ የሠሩበት ጊዜ በመዝገቡ ላይ ጎደሎ ሆኖ ስላገኘው የእነዚያን ዓመታት ትሉሽ አምጡ ብሏቸዋል። ቀነ ገደቡ ሐሙስ ነው። ትሉሾቹ በረንዳ ላይ ባለ ቁም ሣጥን ተቀምጠው ሳለ ባለፈው ክረምት ዝናብ ገብቶ አበስብሷቸዋል። ደግነቱ የመጨረሻው ልጃቸው ከመበላሸታቸው በፊት አንድ በአንድ ስካን አድርጎ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። ልጁ አሁን ሠራዊት ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ይከፈታል፤ ወረቀቱ የት እንዳለ ግን አባትም እናትም አያውቁም። እናትየዋ «እኔ የማውቀው ልጄ ማታ ማታ ጥቁር ስክሪን ከፍቶ ነጭ ፊደል ሲጽፍ ነው። ክፉ ነገር የሚሠራ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ገመዱን ነቅያለሁ» አሉ።

ማታ ሥራ ጨርሰን ተመለስን። ልጁ ከጦር ሰፈሩ ሲደውል ፔሌፎኑን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ዕረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። «በማውስ ወዲህ በሉ፣ ወዲያ በሉ ብዬ በስልክ ማስረዳት አልችልም» አለ። «ጥቁሩን ስክሪን ክፈቱ። እኔ እናገራለሁ፤ እህቴ፣ አንቺ ጻፊ።» እኛም የነገረንን እያንዳንዱን ቃል መልሰን እያነበብንለት ጻፍን። ነርስ የሐኪም ትእዛዝ በስልክ ስትቀበል የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ መልሳ ሳታነብ አትፈጽምም።

የዛሬው ትምህርት ያን ማታ የተማርነው፣ ከዚያ ወዲህም ረቡዕ ረቡዕ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ከጎረቤቶች ጋር ተቀምጠን ያሰፋነው ነው።

ጥቁሩ ስክሪን ምንድን ነው?

ማንኛውም ኮምፒውተር ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም አለው፤ ስርዓተ ክወና ይባላል። አብዛኞቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው፤ ኮምፒውተር ስንገዛ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከውስጥ ተደምሮ ይመጣል። በዚያ ቤት ያለው ግን ሊነክስ ነው። ሊነክስ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ የውስጥ አሠራሩም ለሁሉም የተገለጠ ስርዓት ነው። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ሰው ሁሉ በነፃነት የሚጠቀምበት፣ የሚመረምረውና የሚያሻሽለው ስርዓት እንሥራ ብሎ ተነሣ። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ የጎደለውን ዋና ክፍል ሠራ፤ ሁለቱ ሥራዎች ተጋጥመው ዛሬ ሊነክስ የምንለው ሆነ። አሁን በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ ይገኛል። ልጁ የጫነው ኡቡንቱ የተባለውን ነው። ኡቡንቱን በ2004 ያወጣው ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ለሌላው ሰው ሰው ሆኖ መገኘትን ይናገራል።

በኪሳችሁ ያለው ፔሌፎን አንድሮይድ ከሆነ እናንተም ሳታውቁት ሊነክስ ይዛችኋል፤ አንድሮይድ የቆመው በሊነክስ ላይ ነውና።

ሊነክስም እንደ ዊንዶውስ በማውስ የሚነካ ሥዕልና መስኮት አለው። ጥቁሩ ስክሪን ሌላኛው በር ነው፤ ተርሚናል ይባላል። እናንተ ቃል ትጽፋላችሁ፣ ኮምፒውተሩ በቃል ይመልሳል። ይኸው ነው፤ ወንጀልም ምሥጢርም የለበትም። ልጁ ለምን ይህን በር እንደመረጠ የገባን በኋላ ነው። ሥዕል በስልክ አይነገርም፣ ቃል ግን ይነገራል። ቃል በወረቀት ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋል፤ በሚመጣው ዓመትም ያው ቃል ይሠራል። ሥዕሎቹ ግን ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር ቦታና መልክ ይቀይራሉ፤ ልጆቻችን «ባለፈው አሳይቼሽ አልነበር?» እያሉ የሚቆጡን ግማሹ በዚህ የተነሣ ነው።

ከመጀመሪያው ቃል በፊት

ተርሚናሉ በኡቡንቱ የሚከፈተው ኮንትሮል፣ አልት እና ቲ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ በመጫን ነው። ፊደሉ ካነሰባችሁ ኮንትሮልንና ሺፍትን ይዛችሁ የመደመር ምልክቷን ንኩ፤ ያድጋል። መስመሩ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ታያላችሁ። አባባ ሲያዩዋት «ነፃ ነው አላላችሁም?» ብለው አሳቁን። ገንዘብ መጠየቋ አይደለም፤ «እየሰማሁ ነው፣ ተናገሩ» ማለቷ ነው።

ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እኛ እዚህ የፊደሎቹን ስም በአማርኛ እናስቀምጣለን። ልጁ «ኤል፣ ኤስ» ሲለን ጻፍን፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ኻፍ ሶፊትና ዳሌት ነው። ኪቦርዱ ዕብራይስጥ ላይ ነበር። እስራኤል ውስጥ ተርሚናል የነካ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ስሕተቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በኡቡንቱ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከረጅሟ የባዶ ቦታ ቁልፍ ጋር ስትጫኑ ቋንቋው ይለወጣል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። በቀድሞው ጽሑፋችን ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበር፤ እዚህ የሁለት ነጥብን ሥራ የሚሠራው ባዶ ቦታ ነው። እሱ ከተረሳ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ኮምፒውተሩ የማያውቀው ሌላ ቃል ይሆናሉ። ሁለተኛው፣ በፊደላችንም በዕብራይስጥም ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል የለም፤ በእንግሊዝኛ አለ። ለሊነክስ ደግሞ ትልቁ ኤ እና ትንሹ ኤ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ይህችን ያዙልን፤ ቆየት ብላ አባባን ልታስለቅስ ነበር።

ቃሉ ሲያልቅ ኤንተር ይጫናል። ኤንተር እስኪጫን ድረስ የጻፋችሁት ሐሳብ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ረጋ ብላችሁ ማንበብና ማረም ትችላላችሁ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ከማደንዘዣ የነቃ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ በሽተኛ አጠገብ ስንቆም መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ተጠይቃችኋል። «ስምዎ ማን ነው? አሁን ያሉት የት ነው? ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ራሱን፣ ቦታውንና ጊዜውን ካወቀ እፎይ እንላለን። ተርሚናሉንም እንዲሁ መጠየቅ ይቻላል።

«ማን ነኝ?» ለማለት ደብልዩ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፣ ኤም፣ አይ ብላችሁ አጣብቃችሁ ጻፉ። ኮምፒውተሩ የገባችሁበትን ስም ይነግራችኋል። እኛ ስንጽፍ የልጁ ስም ወጣ። በልጁ ስም ገብተናል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አባትም ልጅም የየራሳቸው ስምና የይለፍ ቃል ቢኖራቸው የአንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር አይደባለቅም።

«የት ነኝ?» ፒ፣ ደብልዩ፣ ዲ ነው። መልሱ አድራሻ ነው። ያን ማታ የወጣልን ስላሽ የምትባለው ጋደል ያለች መስመር፣ ከዚያ «ሆም» የሚል ቃል፣ እንደገና ስላሽ፣ ከዚያ የልጁ ስም ነው። ሆም ቤት ማለት ነው። አድራሻው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይነበባል፤ እንደ ግቢ፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ክፍል። የመጀመሪያዋ ስላሽ ሥር ትባላለች፤ ሁሉም ከእሷ ይበቅላል።

«እዚህ ምን አለ?» ኤል፣ ኤስ ነው። ባላችሁበት ቦታ ያሉትን ማህደሮችና ፋይሎች በስማቸው ይዘረዝራል። ቀኑን የፈለገ ደግሞ ዲ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ ብሎ ይጠይቅ፤ የእኛን አቆጣጠር ግን አይጠብቅበት።

እነዚህ ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ምንም አያጠፉም፣ ምንም አይቀይሩም። ቀኑን ሙሉ ስትጠይቁት ብትውሉ ኮምፒውተሩ «ነገርኳችሁ እኮ» አይላችሁም። ለጀማሪ የምንመክረው አንድ ሳምንት ሙሉ ከእነዚህ እንዳይወጣ ነው።

ከክፍል ወደ ክፍል

«ምን አለ?» ብለን ስንጠይቅ ከወጡት ስሞች አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል «አባ» ይላል። ልጁ «ሲ፣ ዲ፣ ባዶ ቦታ፣ አባ» አለን። ሲ ዲ «ወደዚህ ግባ» ማለት ነው። ጻፍን፣ ኤንተር ተጫንን። ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ማህደር የለም» ብሎ መለሰ። ይህን ለአባባ ተረጎምንላቸው፤ ባንተረጉም ይሻል ነበር። ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው «የስምንት ዓመት ጉልበቴ!» አሉ።

ልጁ ግን «አባዬ፣ አይደንግጡ። ስሙን የጻፍኩት በትልቁ ኤ ነው» አለ። እኛ በትንሹ ጽፈን ነበር።

ይህን መልስ ያየ ሰው ሁሉ ልብ ይበል። «የለም» ሲል «ጠፍቷል» ማለቱ አይደለም፤ «በዚህ ስም፣ በዚህ ቦታ አላገኘሁም» ማለቱ ነው። በትልቁ ኤ ደግመን ጻፍን። አሁን ደግሞ ምንም አላለም። ዝም። ሌላ ድንጋጤ። የሊነክስ ጠባዩ ይህ ነው፤ የታዘዘውን ከፈጸመ ዝም ይላል፣ የሚናገረው ሲቸገር ነው። እናትየዋ «እንደ ጥሩ ምራት» አሉ። ምራቶች ይቅር በሉን።

«ምን አለ?» ብለን ደግመን ጠየቅን፤ «ትሉሽ» የሚል ማህደር ታየ። ገባን። እንደገና ጠየቅን፤ ከ2004 እስከ 2011 ያሉት ዓመታት በቁጥር ተደርድረው ወጡ። አባባ በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ ስምንቱንም ቆጠሩ።

ጣቱ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ፊደል መፈለግ ለሚሰለቸው ሰው ሁለት መላ አለ። የማህደሩን ስም ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ ታብ የተባለችውን ቁልፍ ሲጫን ኮምፒውተሩ ራሱ ይጨርሰዋል። ካልጨረሰው ወይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ ተመሳሳይ ስም ሁለት አለ። ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቀስት ሲጫን ደግሞ ቀድሞ የጻፈው ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣለታል።

ወደ ኋላ አንድ ክፍል ለመመለስ ሲ ዲ፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሁለት ነጥቦች ነው፤ የኛ ሁለት ነጥብ ተደራርቦ ይቆማል፣ ይሄኛው ጎን ለጎን ነው። የት እንደገባ ጨርሶ የጠፋበት ሰው ሲ ዲ ብቻውን ጽፎ ኤንተር ቢል የትም ይሁን የት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከትእዛዝ ሁሉ እኛ የምንወደው ይህን ነው።

ቦታው ጨርሶ ካልታወቀ «ፋይንድ» አለ፤ ኤፍ፣ አይ፣ ኤን፣ ዲ። ቀጥሎ ባዶ ቦታ፣ አንዲት ነጥብ፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሰረዝ ከአይ፣ ኤን፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ ጋር ተጣብቃ፣ ባዶ ቦታ፣ በመጨረሻም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ኮከብ፣ የምትፈልጉት ስም፣ ኮከብ። ነጥቧ «ካለሁበት ጀምረህ» ማለት ናት፤ ኮከቦቹ «ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ፊደል ቢኖር ግድ የለም» ማለት ናቸው። በዚህ አጻጻፍ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም። ያን ማታ ብናውቀው ኖሮ አባባ ባልደነገጡ።

ትሉሾቹ ከተገኙ በኋላ ልጁ የመጨረሻ ትእዛዝ ሰጠን፦ ኤክስ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሰረዝ፣ ኦ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤን፣ ባዶ ቦታ፣ ነጥብ። የቆምንበት ማህደር በተለመደው መስኮት ተከፈተ፤ ቀሪውን በማውስ ጨርሰን በኢሜይል ላክን። ከማውስ ጋር ጠብ የለንም።

የማይመለሰው ቃል

አዲስ ማህደር ለመሥራት ኤም፣ ኬ፣ ዲ፣ አይ፣ አር፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ስሙ። ስሙ በአማርኛም ይሆናል፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ከ1999 ጀምሮ ገብቷልና «ደብዳቤ» ወይም «ጡረታ» ብሎ መሰየም ይቻላል። ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሚባሉ ወገኖችም ከሃያ ዓመት በፊት የሊነክስን መስኮቶች ቃላት ወደ አማርኛ መተርጎም ጀምረው ነበር። ሲ፣ ፒ ቅጂ ይሠራል። ኤም፣ ቪ ከቦታ ቦታ ያዛውራል ወይም ስም ይቀይራል። ሁለቱም በዚያው ስም ቀድሞ የነበረ ፋይል ካገኙ ሳይጠይቁ በላዩ ይጽፉበታል፤ ስለዚህ ከትእዛዙ ቀጥሎ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝና አይ ጨምሩበት፤ ያን ጊዜ «ልቀይረው?» ብሎ ይጠይቃል።

አር፣ ኤም ግን ሌላ ነው። ማጥፋት ነው። በማውስ የተጣለ ፋይል ቅርጫት ውስጥ ይቆያል፤ በአር ኤም የጠፋ ቅርጫት የለውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው ነው። እኛ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የእጅ አምባሩን አይተን ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት መሆኑን እናረጋግጣለን። ለአር ኤምም እንዲሁ፤ መጀመሪያ «የት ነኝ?»፣ ቀጥሎ «ምን አለ?»፣ ከዚያ በኋላ እጅ ይነሣ። በረቡዕ ስብሰባችን ይህን ትእዛዝ በመጀመሪያው ወር አናስተምርም። «መጣያ» የሚል ማህደር ሠርተን የማንፈልገውን በኤም ቪ ወደዚያ እናዛውራለን። ቦታ ይይዛል የሚል ካለ ይያዝ።

«ሱዶ» የሚባል ቃልም ትሰማላችሁ፤ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ። ከትእዛዝ ፊት ሲቀመጥ «በኮምፒውተሩ ባለቤት ሙሉ ሥልጣን አድርገው» ማለት ነው። እንደ መርዛማ መድኃኒት ካዝና ቁልፍ አስቡት። የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ስትጽፉም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ኮከብም ነጥብም አይታይም። ኪቦርዱ የተበላሸ እየመሰላቸው የሚያቆሙ አሉ፤ አልተበላሸም፣ ጽፋችሁ ኤንተር በሉ። የሱዶ መልካም ሥራ ማደስ ነው፤ ሱዶ፣ ባዶ ቦታ፣ ኤ፣ ፒ፣ ቲ፣ ባዶ ቦታ፣ «አፕዴት» የአዲሱን ዝርዝር ያመጣል፤ ያው በ«አፕግሬድ» ሲደገም ማደሻውን ይጭናል።

ክፉ ሥራው ደግሞ ይህ ነው። የማታውቁት ሰው ደውሎ ወይም መልእክት ልኮ «ኮምፒውተራችሁ ቫይረስ አለበት፣ ይህችን መስመር ጻፉ» ቢላችሁ ዝጉት። በመስመሩ ውስጥ ሱዶ ካለ፣ ወይም አር፣ ኤም፣ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ፣ አር፣ ኤፍ ካለ ይበልጥ ዝጉት፤ ይህ ሳይጠይቅ ማህደርን ከነውስጡ የሚጠርግ ነው። እኛ ያን ማታ በስልክ ታዘን ጻፍን፤ ልዩነቱ ልጁን እናውቀዋለን፣ እያንዳንዱንም ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀናል። ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ለማይችል ሰው ቃል አትጻፉለት።

ሊነክስ ነፃ መሆኑ ከአደጋ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በኦክቶበር 2021 እዚሁ ሐዴራ የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ኮምፒውተሮች ቤዛ በሚጠይቁ ሰርጎ ገቦች ተቆልፈው ሠራተኞቹ በወረቀትና በእስክሪብቶ መሥራት ጀምረው ነበር። ትልቅ ሆስፒታል የደረሰበት በሳሎናችን ያለውን ኮምፒውተር አይምረውም። ስለዚህ ትሉሽ፣ የሥራ ውል፣ የጡረታ ደብዳቤ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ ሲ፣ ፒ፣ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝና አር ሲባል ማህደርን ከነሙሉ ውስጡ ይገለብጣል። ዲስክ ኦን ኪ ላይ ገልብጣችሁ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ተሰክቶ የሚኖር ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል።

አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል። ብዙ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ሻጩ «ጣሉትና አዲስ ግዙ» ቢላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሊነክስን ሞክሩ። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ኦን ኪ ላይ ኡቡንቱን አዘጋጅቶ፣ ኮምፒውተሩን ከእሱ አስነሥቶ፣ ምንም ሳይጭኑ ማየት ይቻላል። ዋይ ፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ፣ የኩፓት ሆሊምና የቢቱዋሕ ሌኡሚ ገጾች በትክክል መከፈታቸውን እዩ። ኡቡንቱ የሚከብደው ደካማ ኮምፒውተር ከሆነ ሉቡንቱ የተባለ ቀለል ያለ ወንድም አለው።

መጫን ግን ብዙውን ጊዜ የነበረውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ሳይገለበጥ የሚጀምር ሰው ቢመጣ አስቁሙት። ለሊነክስ ለራሱ የፈቃድ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ካለ አትክፈሉ። ለጉልበቱ መጠየቁ ልክ ነው፤ ዋጋውን አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፕሮግራም በሊነክስ ላይ እንደ ዊንዶውስ አይጫንም፤ ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለደብዳቤና ለሒሳብ ይበቃል። ለቢሮ ሥራ የምትዘጋጅ ልጅ ግን ቀጣሪው የሚጠይቃትን ኤክሴል መለማመድ አለባት፤ ይህን አንደብቅም።

አሥር ትእዛዝ ማወቅ ሥራ አያስቀጥርም። ሆኖም ለኔትወርክ፣ ለሳይበርና ለሰርቨር ሥራ የሚያዘጋጅ ኮርስ ያለዚህ ጥቁር ስክሪን አይሆንም። በዓለም ላይ በፍጥነታቸው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ከ2017 ወዲህ ሁሉም የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ለልጆቻችሁ ማግሺሚም የሚባለውን ከመሐል አገር ለራቁ ወጣቶች የተዘጋጀ የሳይበር ትምህርት፣ ሠራዊቱን ለጨረሱትም ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያንን ለሃይ ቴክ የሚያሠለጥነውን ቴክ ካሪየርን ጠይቁላቸው።

ገመድ ስለመንቀልም አንድ ነገር እንበል። በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የሚባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች አንድሮይድ ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ እንደተናገረው ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ተገኙ። እናትየዋ ይህን ስንነግራቸው «እንግዲህ የኔው ልጅ ምን በድሎ ነበር?» አሉ። ገመዱ ሲነቀል ልጁ ለኮርሱ የሚያስረክበው ሥራ ጠፍቶበት እንደነበር ያን ማታ ነው የሰሙት።

አሁን ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት አለ። አባባ ራሳቸው ነው የጻፉት፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ከዕቃ መጠቅለያ ላይ እንደሚገለብጥ ሰው በትልቁ ሥለው፣ ከጎኑ በአማርኛ ትርጉሙን፣ በየቃሉም መሐል ሁለት ነጥብ አድርገው። ባለፈው ረቡዕ የራሳቸው ስምና የይለፍ ቃል ተከፈተላቸው፤ «ማን ነኝ?» ብለው ሲጠይቁ የራሳቸው ስም ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁት። ከጡረታ ድርጅቱ መልስ ገና አልመጣም። ቁስሉ ግን ገጥሟል፤ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ወደዚያ ቤት የምንሄደው ለረቡዕ ብቻ ነው።